አባቴ የገመቱት ድረ ገጽ

ይህ ታሪክ መነገር ይገባዋል ወይ እያልኩ ብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ። በእኛ አገር በእነዚህ ዓመታት የሆነውን የሚያውቅ ሰው «ስለ አንድ ድረ ገጽ ዋጋ ልታወሪኝ ነው?» ቢለኝ አልፈርድበትም። መንገድ ተዘግቶ ሕመምተኛ ሐኪም ቤት ሳይደርስ የቀረበትን፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ሜዳ ላይ የዋሉበትን ጊዜ አይተናል። በእኔ ታሪክ ውስጥ የሞተ ሰው የለም። ያታለለም የለም። ሁሉም ደህና ሰዎች ነበሩ፤ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝም ምናልባት እሱ ነው።

እንዲያውም ልተወው ነበር። ነገር ግን በቅርቡ እዚህ ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል አብራኝ የምታድር ልጅ አጎቷ ሱቅ ሊከፍት መሆኑን ነገረችኝና ሎጎ እንድሠራለት ጠየቀችኝ። «ስንት ታስከፍያለሽ?» አለች፣ እንደ ቀላል ነገር። አፌ ላይ የመጣልኝ «የፈለገውን ይስጥ» የሚል ነበር። እሱን ዋጥኩት፤ በቦታው ግን ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ልጅቷ ጠብቃ ጠብቃ «ምነው፣ አስቀየምኩሽ እንዴ?» አለችኝ። አላስቀየመችኝም። አባቴ፣ ጓደኛዬና የቡሬዋ ባለሆቴል አንድ ላይ ፊቴ መጥተው ነው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስጄ የዩኒቨርሲቲ ጥሪ በዘገየበት ዓመት ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ በዋናው መንገድ ዳር፣ በአንዲት ጠባብ ሱቅ እሠራ ነበር። ሱቋን የተከራየችው ጓደኛዬ ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ትውልዷ ገበዝ ማርያም ከምትባል አገር ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምራ ተመርቃለች። እሷ ድረ ገጽ ትሠራለች፣ እኔ የሠርግ ካርድ፣ ባነርና ሎጎ እሠራለሁ፤ ያንንም ያስተማረችኝ እሷ ናት። በበራችን ባጃጁም ጋሪውም እየተጋፋ ያልፋል። ፈረስ ሲያነጥስ የኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ጠብታ የሚያርፍበት ቀን ነበር፤ እንደዚያ ነበር የሱቋ ጥበት።

አብረዋት የተመረቁት አብዛኞቹ አዲስ አበባ ገብተዋል። እሷንም አንድ ድርጅት ይጠራት ነበር። «እዚሁ ሆኖ በዚህ ሙያ መኖር እንደሚቻል ማየት እፈልጋለሁ» ትለኝ ነበር። «ሱቋ ራሷን ከቻለች እቆያለሁ። ካልቻለች እሄዳለሁ፤ እንዳታለቅሺ።» ይህን ስትል ትስቃለች፤ ግን ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኔም እንድትቆይ እፈልግ ነበር። ተምሬ ስመለስ የምገባበት ሌላ በር አይታየኝም።

ዋጋ የምትናገረው እሷ ነበረች። አንድ ቀን የሙሽራ ወንድም ለካርድ መጣና የጠራችውን ሲሰማ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«ይኸ ሁሉ ለወረቀት?»

«ለወረቀቱ አይደለም፣ ለሥራው ነው።»

«ሥራውንማ የሚሠራው ኮምፒውተሩ አይደል! እናንተ ቁጭ ብላችሁ።»

«ልክ ነህ» አለችው። «የሚያርሰውም በሬው ነው። አንተ ከኋላ ከኋላ እየሄድክ ታፏጫለህ።»

ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ፤ ከጠየቀችው ብዙም ሳይቀንስ ከፈለ። እሷ ሳትኖር ሲመጡ ግን ከእኔ ጋር ነው ነገሩ። ትልቅ ሰው «ስንት ነው የኔ እመቤት?» ካለኝ ምላሴ ይታሰራል። በእኛ ቤት ትልቅ ሰው ፊት ለድካም ዋጋ መጥራት ነውር ነው። «እንዳሉ ያድርጉ» እላለሁ፤ እሳቸውም እንዳሉ ያደርጋሉ። ጓደኛዬ ስትመለስ ቦርሳዋን እያስቀመጠች «ዛሬስ ስንት ሰው አስደሰትሽ?» ትለኛለች።

ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ ታስረዳኛለች፤ እሱ ደግሞ ይብሳል። «ዋጋ ከሰማይ አይወርድም» ትላለች። «መጀመሪያ አንድ ወር ለመኖር የሚያስፈልግሽን እወቂ። ኪራይ አለ፣ ምግብ አለ፣ ዳታ አለ፣ ላፕቶፑ አንድ ቀን መሞቱ አይቀርም። ከዚያ መብራት የሚጠፋበትን፣ ኔትወርክ የሌለበትን፣ መንገድ የሚዘጋበትን ቀን ሁሉ አውጪው። የቀረው ጥቂት ቀን ያን ሁሉ መሸከም አለበት። የሠራሽበትን ብቻ ካስከፈልሽ የጠበቅሽበትን ማን ይከፍልሻል?» እኔ ራሴን እየነቀነቅኩ እሰማለሁ። በማግስቱ አንዲት እናት ለልጃቸው ልደት ባነር ሊያሠሩ ሲመጡ እንደገና «እንዳሉ ያድርጉ» እላለሁ።

የቡሬዋ ባለሆቴል የመጡት በጥር ነው። ለግብር ጉዳይ ፍኖተ ሰላም መጥተው የእኛን ባነር አንድ ቦታ ላይ አይተዋል። ወፍራም፣ ድምፃቸው ደመቅ ያለ፣ ከገቡ ሱቋን የሚሞሏት ሴት ናቸው።

«ልጄ አዲስ አበባ ናት» አሉ ወንበር ሳይጠብቁ። «‹እማዬ፣ ሆቴልሽ እኮ ኢንተርኔት ላይ የለም› ትለኛለች። አገር ሁሉ የገባበት ቦታ እኔ ብቻ ውጭ ቀረሁ? አስገቡኝ።»

ጓደኛዬ ሳቀች። ሾፌሮች፣ ነጋዴዎች፣ ለፋብሪካ ሥራ የሚመጡ ሰዎች ከመንገድ ላይ ሆነው ክፍል የሚይዙበት ድረ ገጽ ልትሠራላቸው እንደምትችል ነገረቻቸው። ከዚያ ሥራ ሳይጀመር ዋጋ እንነጋገር አለች።

«ዋጋ? ሳላየው?» አሉ እትዬ። «በግ እንኳ ላቱ ተዳስሶ ነው የሚገዛ።»

«ይህ እንደ በግ አይደለም እትዬ፤ አስቀድሞ ካልተነጋገርን...»

እኔ ቀደምኳት። «ግድ የለም እትዬ፣ ሠርተን እናሳይዎታለን። ከዚያ ይነጋገራሉ።»

ጓደኛዬ ዞር ብላ አየችኝ። ሴትዮዋ ግን ግንባሬን ሳሙኝ፤ ያን ጊዜ የተሰማኝ ደስታ ብቻ ነበር።

ሥራው ከጥር እስከ መጋቢት ወሰደን። እኔ ሎጎውን፣ ቀለሙን፣ ፎቶውን ያዝኩ፤ የቀረው ሁሉ፣ ማለትም ሥራው ራሱ፣ የእሷ ነበር። ፍኖተ ሰላም ኔትወርክ ሲጠፋ ቡሬ ትሄዳለች፤ ቡሬ ሲጠፋ ወደዚህ ትመለሳለች። ድረ ገጹን ሠርታ ጨርሳ በደካማ ኔትወርክ ስትሞክረው ከበደ፤ አፈረሰችውና እንደገና ጀመረች። ሾፌር መንገድ ዳር ቆሞ፣ በአሮጌ ስልክ፣ በቀጭን ኔትወርክ ሊከፍተው ይገባል የምትል ሰው ነች። በመጨረሻ ሲነኩት ወዲያው የሚከፈት፣ ክፍል መኖር አለመኖሩን በአማርኛ የሚናገር፣ ስም ተጽፎ ሲላክ የእትዬን ስልክ የሚያስጮህ ነገር ሆነ። ያ ሁሉ ድካም የገባበት በቀላሉ እንዲከፈት ነው። በቀላሉ ስለሚከፈት ደግሞ ቀላል መሰለ።

ቡሬ ሄደን ስናሳያቸው እትዬ እልል አሉ። ልጃቸውም ከአዲስ አበባ ደውላ አመሰገነች። ከዚያ ጓደኛዬ ዋጋውን ተናገረች። ሴትዮዋ ፊታቸው ተለወጠ። ቁጣ አልነበረም፤ መንገድ እንደጠፋበት ሰው ነው የሆኑት።

«የኔ ልጆች፣ እኔ ጉልበት በልቼ አላውቅም። አናጢውን፣ ግንበኛውን፣ ቀለም ቀቢውን ጠይቁ። ግን ይህን አላውቀውም። ብዙ ነው ልል አልችልም፤ ትንሽ ነው ልልም አልችልም። በእጄ አልያዝኩትም እኮ!»

 ከዚያ እትዬ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ የማንኩሳው ገማች ልጅ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ምን እንጨነቃለን! አባትሽ ይገምቱት። ወንድሜ በርበሬው በከብት የተበላ ጊዜ እሳቸው ናቸው የገመቱት፤ የበላው ወገንም የተበላው ወገንም መርቋቸው ነው የተለያየው። እሳቸው ያሉትን እከፍላለሁ፤ ከቃላቸው አልወጣም።»

ስለ አባቴ እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። ማንኩሳ አጠገብ በቆሎና በርበሬ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። የአንዱ ከብት የሌላውን እርሻ ሲበላ የጉዳቱን ልክ እንዲገምቱ ከሚጠሩት ሽማግሌዎች አንዱ ነበሩ። እርሻው ሲደርሱ መጀመሪያ የሚሄዱት ከብት ወዳልነካው ጥግ ነው። እዚያ ቆመው ፍሬውን በእጃቸው ይዳስሳሉ፤ ከዚያ ወደ ተበላው ይዞራሉ። አንድ ቃል ይናገራሉ፤ ያን ቃል የሚያፈርስ የለም። አባቴ ከከብትም ከመሬትም ይልቅ የሚሳሱለት ለዚህ ስማቸው ነው።

እኔ በደስታ ዘለልኩ ማለት ይቻላል። ጓደኛዬ ግን ወደ ውጭ ጠራችኝ።

«አባትሽ ናቸው» አለች።

«ለዚያም ነው! ደግሞ ትልቅ ሰው ናቸው፤ አይበድሉንም።»

«ለልጃቸው ሊገምቱ ይችላሉ?»

«እትዬ ራሳቸው ከጠየቁ ምን ችግር አለው?»

 «እሺ» አለች በመጨረሻ። «አንቺን አምኜ ነው።»

አባቴ መጀመሪያ እንቢ ብለው ነበር። «የልጄ እጅ ያለበትን አልገምትም» አሉ። እትዬ ደወሉ፤ ደግመው ደወሉ፤ ሰው ላኩ። እኔም ማንኩሳ ሄጄ ለመንኩ። «አባባ፣ ሁለቱም ወገን ፈቅዷል» አልኳቸው። መሬቱን በበትራቸው እየጫሩ «አስገድደሽኝ ነው እንግዲህ» አሉ። ያ አነጋገራቸው ውስጥ ምን እንደነበረ ያን ጊዜ አልጠየቅኩም።

ቡሬ የመጡ ቀን ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ በትራቸውን ይዘው ነበር። ጓደኛዬ ስልኳን ሰጠቻቸው። አባቴ ስልኩን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ይዘው ሆቴሉን በሙሉ ዞሩት። በየክፍሉ በር ቆመው ምስሉንና ክፍሉን ያስተያያሉ።

«ይቺ ክፍል እዚህ ላይ ሰፋ ብላለች» አሉ።

«አባቴ፣ ፎቶ ያሰፋል» አለች ጓደኛዬ።

«እንግዲያው እኔን እንዳታነሱኝ!» አሉ እትዬ፤ አስተናጋጆቹ ሁሉ ሳቁ። አባቴም ፈገግ አሉ።

ተቀምጠው ጓደኛዬን ጠየቋት። ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀ፣ ምን እንዳስቸገራት፣ ለምን አፍርሳ እንደሠራችው። ስለ ጠበቀችባቸው ቀኖች፣ ከከተማ ከተማ ስለተመላለሰችበት ነገረቻቸው። አላቋረጧትም። ለእኔ ከምታስረዳኝ በላይ አብራርታ ነገረቻቸው፤ አባቴም ከእኔ በተሻለ ሰሟት።

«ከጎኑ ያለ የሌላ ሰው ሥራ አለ? የማስተያየው?» አሉ።

የባሕር ዳር ሆቴሎችን ድረ ገጽ ከፍታ አሳየቻቸው።

«እነዚህ በስንት ተሠሩ?»

«አይናገሩም አባቴ። ዋጋ የሚደባበቅበት ሥራ ነው።»

«ያልተነካ ጥግ የለውም ማለት ነው» አሉ አባቴ፣ ለራሳቸው ያህል። ብቻቸውን ወደ ጓሮ ወጥተው ቆዩ። በመስኮት አያቸው ነበር፤ የእትዬን ጎመን ያዩ ይመስል ነበር እንጂ ዓይናቸው እዚያ አልነበረም።

ተመልሰው ገቡና ቆመው ተናገሩ። «ፈቅዳችሁ ጠርታችሁኛል። ያየሁትንና የሰማሁትን ይዤ ነው የምናገረው» አሉና ዋጋውን ጠሩ።

ጓደኛዬ ከጠየቀችው ሲሶው ነበር።

 እትዬ እንኳ ቅር እንዳላቸው አየሁ፤ ከዚያ የበለጠ ሊከፍሉ ራሳቸውን አዘጋጅተው ነበር መሰለኝ። ግን ገማች ከተናገረ በኋላ አፍ መክፈት ሽማግሌውን ማዋረድ ነው። ጓደኛዬ ተነሥታ ጎንበስ ብላ የአባቴን ጉልበት ሳመች። «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ» አለች።  እትዬም እዚያው ከፈሉ።

በሚኒባስ ስንመለስ ሦስታችንም አንድ ወንበር ላይ ነበርን። አባቴ ማንኩሳ ሲወርዱ «ምነው ዝም አላችሁ?» አሉ።

«ደክሞን ነው አባባ።»

አባቴ ወርደው መኪናው ሲንቀሳቀስ ጓደኛዬ መስኮቱን እያየች «አልቀየምኳቸውም» አለች። «አንቺንም አልቀየምኩሽም። ደግመሽ እንዳትጠይቂኝ።» ልጠይቃት አፌን ከፍቼ ነበር።

በአንድ ሥራ መጎዳት ብቻ ቢሆን ባለፈ። ግን የአባቴ ቃል ቡሬ ላይ አልቆመም። የግል ትምህርት ቤት ያለው ሰው መጣ፤ የእህል ነጋዴ መጣ፤ የመድኃኒት ቤት ባለቤት መጣ። ሁሉም ሥራዋን ስለወደዱት ነው የመጡት። ሁሉም ግን ዋጋውን ይዘውት ነው የመጡት።

«ለቡሬው ሆቴል በስንት እንደሠራሽ እናውቃለን» አላት ነጋዴው። «ያውም በገማች!»

«ያ ለአንድ ሥራ ነው ጌታዬ።»

«እህ፣ ሽማግሌው ተሳስተዋል ልትይኝ ነው?»

እንዲህ ሲሏት ወደ እኔ እንዳታይ ትጠነቀቃለች። በፊት ዋጋ ስትናገር ከሰው ጋር ትከራከራለች፣ ትቀልዳለች፣ ትስማማለች። አሁን የምትከራከረው አጠገቧ ከተቀመጠችው ልጅ አባት ጋር ሆነ። የበሬውን ቀልድ እንኳ ተወችው። ሥራው በረከተ፤ ከመቼውም በላይ ሠራን፤ ግንቦት ላይ ግን ኪራዩን ለመክፈል ከገበዝ ማርያም ከወንድሟ ገንዘብ አስላከች። በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ ያለው ድርጅት እንደገና ሲደውልላት «ላስብበት» ስትል ሰማኋት። ከዚያ በፊት የምትለው «አይሆንልኝም» ነበር።

በማግስቱ ማንኩሳ ሄድኩ። አባቴ የበርበሬ ችግኝ መደብ ላይ አረም እየነቀሉ ነበር። ጎናቸው ተቀምጬ አብሬ መንቀል ጀመርኩ፤ ፊታቸውን እያየሁ መጠየቅ አልችልም ነበር።

«አባባ፣ ያን ቀን ጓሮ ወጥተው ሳሉ በልብዎ የያዙት ስንት ነበር?»

እጃቸው ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም። መጠየቄ ነው።»

«እጥፍ ነበር» አሉ። «ከተናገርኩት እጥፍ። ምናልባት ከዚያም ያልፋል። ያቺ ልጅ ስትናገር ድካሟ ገብቶኛል።»

«ታዲያ ለምን...»

«የልጄ እጅ አለበታ! ገማች ለዘመዱ ከገመተ በዘመዱ ላይ ማጥበቅ አለበት፤ ይህ የታወቀ ነው። ሙሉውን ብናገር ‹ለልጁ ገመተላት› ይሉኛል። ስለዚህ ቀነስኩ። ቅናሹ እንዳያንስብኝ ደግሜ ቀነስኩ። ለዚህም ነበር መጀመሪያ እንቢ ያልኩሽ።»

«የእኔ ሥራ እኮ ትንሽ ነበር አባባ። ሥራው የእሷ ነው። ሱቋን ልትዘጋ ነው።»

ስለ ነጋዴው፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ከወንድሟ ስላስላከችው ኪራይ ነገርኳቸው። አባቴ የነቀሉትን አረም ከመደቡ ውጭ ጣሉት።

«የቀነስኩት ካንቺ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ያንቺ ከሆነ የእኔ ነው፤ ከራሴ ቤት ባጎድል ምን አለ ብዬ። ያቺን የሰው ልጅ አላሰብኳትም።»

በዚያው ሳምንት ቡሬ ሄደው ነገሩ እንደገና እንዲታይ እትዬን ለመኑ። እትዬ ደነገጡ። «አባቴ፣ ቃልዎን ከመለሱ ነገ ማን ያምንዎታል? እኔ ጨምሬ ልላክላት፤ እርስዎ ዝም ይበሉ» አሏቸው። እውነትም ላኩ። ገንዘቡን ይዤ ሱቅ ስገባ ጓደኛዬ አልተቀበለችኝም።

«እግዜር ይስጣቸው፤ ግን መልሺላቸው» አለች።

«ያንቺ ነው እኮ! ራስሽ የጠየቅሽው ነው።»

«የጠየቅኩት ዋጋ ነው። ይህ ስጦታ ነው። ይህን ብቀበል እሳቸው ቸር ይባላሉ፤ ሥራዬ ግን ያው ሲሶ ነው። ነገ የሚመጣው ሰው ስጦታ አያመጣልኝም።»

 ትክክል መሆኗን አውቃለሁ፤ ሆኖም እንድትቀበል ፈልጌ ነበር። ተቀብላ እንድትቆይ።

አባቴ ዝም አላሉም። የሰኔ ሚካኤል ዕለት ማንኩሳ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሳይበተን፣ ቄሱን አስፈቅደው ተነሡ። እኔም እዚያ ነበርኩ። «ወገኖቼ» አሉ፣ «ቡሬ ላይ የሰው ድካም ገምቼ ነበር። ለስሜ ሰግቼ አጉድዬ ገመትኩ። ያን ቃሌን መለኪያ አድርጋችሁ ያቺን ልጅ አትያዙብኝ። ከእንግዲህም ለግምት አትጥሩኝ።» በትራቸውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። ቄሱ «እግዚአብሔር ይፍታዎ» አሉ፤ ሕዝቡም አጉረመረመ።

ይህ ነገሩን የሚያቀና መስሎኝ ነበር። ከግቢው ስንወጣ ግን ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ።

«ሽማግሌው ምን ነካቸው?»

«ልጃቸው ናታ! ለልጃቸው ሲሉ ቃላቸውን መለሱ።»

አባቴ ከፊቴ እየሄዱ ነበር። ሰምተው እንደሆነ አላውቅም። እርምጃቸው አልተለወጠም። ያንኑ እንዳይባሉ ነበር መጀመሪያ የቀነሱት። ፍኖተ ሰላም ላይ ደግሞ ማንም ዋጋውን ከፍ አላደረገም። ነጋዴው ወሬውን ሰምቶ «እሱ የእነሱ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ እኔ የማውቀው የመጀመሪያውን ነው» አለና በዚያው ጸና።

ጓደኛዬ ለድርጅቱ እሺ አለች። ሰኔ ሲያልቅ የሱቋ ውል አለቀ፤ አላደሰችውም። ጠረጴዛውን ጎረቤት ወሰደው። የእኔን ዲዛይኖች ሁሉ በፍላሽ አድርጋ ሰጠችኝ። «ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ ሥራ ይመጣልሻል» አለችኝ። «አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ዋጋ ስትጠየቂ ሌላ ሰው አትጥሪ።»

የምትሄድበት ቀን ማለዳ አባቴ ከማንኩሳ በመጀመሪያው መኪና መጡ። አንድ ከረጢት የተመረጠ ደረቅ በርበሬ በትከሻቸው ይዘው ነበር። የሐዋርያት ጾም የሚፈታበት ቀን ስለነበር መናኸሪያው በግና ዶሮ በያዘ ሰው ተሞልቷል። አባቴ ከረጢቱን አውቶቡሱ በር ላይ አስቀመጡና ምን እንደሚሉ ግራ ገባቸው።

«ይህን አልገመትኩትም» አሉ በመጨረሻ። «ስንቅ ነው።»

ጓደኛዬ ሳቀች፤ ከመጋቢት ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም ነበር። ከረጢቱን ተቀበለችና እንደ ቡሬው ቀን ጉልበታቸውን ለመሳም ጎንበስ ስትል አባቴ ትከሻዋን ይዘው ቀና አደረጓት።  ረዳቱ «ግቡ፣ ግቡ» እያለ ነበር። አውቶቡሱ ወደ ደምበጫ አቅጣጫ ታጥፎ እስኪጠፋ አባቴና እኔ መንገዱ ዳር ቆመን አየነው። ሐምሌ አምስት ቀን፣ ጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነበር።